ሎክ ውስጥ የጠፋው ሞተር፦ ልቀይረው፣ ላድሰው ወይስ ልሽጣት?

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲያትል ነው፤ ተወልጄ ያደግኩት ግን ባሕር ዳር ነው። ውሃ እወዳለሁ። ባለፈው ዓመት እ.ኤ.አ. በ1978 የተሠራች ካታሊና 30 የሸራ ጀልባ በ7 ሺህ ዶላር ገዛሁ። የማስራት ሌክ ዩኒየን የሚባለው ሐይቅ ላይ ነው። ሞተሯ ከፋብሪካ አብሯት የመጣው የቤንዚን አቶሚክ 4 ነው። ነሐሴ ላይ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ከባሕሩ ስንመለስ፣ ባላርድ ሎክ (ባሕሩንና ሐይቁን የሚያገናኘው፣ ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚልበት የውሃ በር) ልንገባ ስንል ሞተሩ ቀጥ አለ። ከኋላችን ትልቅ የዓሣ ማጥመጃ መርከብ እየመጣ ነበር። የሎኩ ሠራተኞች ገመድ ወርውረው ጎተቱን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ እንዲሁ አድርጎኛል። የሙቀት ጠቋሚውም ከድሮው ከፍ ይላል።

አንድ የጀልባ ጥገና ቤት ጠየቅኩ። በአዲስ የናፍጣ ሞተር ለመቀየር 24 ሺህ ዶላር አሉኝ። የአክስቴ ልጅ ጋራዥ አለው፤ «እናውርደውና እኔ አድስልሃለሁ፤ የጎደለውን በመኪና ዕቃ እንሞላዋለን» ይላል። የ16 ዓመቷ ልጄ «ኤሌክትሪክ አድርገው» ትላለች። ባለቤቴ «ሽጣትና እንገላገል» ብላለች። እኔ ደግሞ በሚመጣው ሰመር ሳን ኋን ደሴቶች ድረስ ልወስዳቸው አስቤ ነበር። ምን ይሻለኛል?

መልስ

ወንድሜ፣ የነገርከኝ ምልክት የሞተ ሞተር ምልክት አይደለም። ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሣል። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ያለቀ ሞተር እንዲህ አያደርግም። እሱ ጠዋት በመከራ ነው የሚነሣው፤ ጭሱ ይበዛል፣ ጉልበቱ ይደክማል። ሞቆ የሚጠፋና በርዶ የሚነሣ ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ የታመመው ከውጭ ነው። ቦቢናው (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው) ነው፣ ቤንዚን መስመሩ ነው፣ ወይም ማቀዝቀዣው ነው። ስለዚህ 24 ሺህ ዶላሩንም፣ የአክስትህን ልጅ ቁልፍም፣ ሽያጩንም ለጊዜው አቆያቸው። መጀመሪያ ሞተሩ ምን እንደሆነ እንወቅ።

ይህን ሞተር ለማያውቁ አንባቢዎች ትንሽ ልበል። አቶሚክ 4ን የሠራው ዩኒቨርሳል የሚባል ፋብሪካ ነው፤ ዊስኮንሲን ውስጥ ኦሽኮሽ ከተማ። ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከ40 ሺህ በላይ ሠርቷል። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠራች የ30 ጫማ የሸራ ጀልባ ከፍተህ ብታይ እሱን የማግኘት ዕድልህ ትልቅ ነው። አራት ሲሊንደር ነው፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ብዙም አይነዝርም። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ የድሮ ቮልስዋገን ከፍቶ የገጠመ መካኒክ አይፈራውም። ዕቃውም አልጠፋም። ሞየር ማሪን የሚባል በዚህ ሞተር ላይ የተካነ ድርጅት እስከ ዛሬ መለዋወጫውን ይሸጣል። «አሮጌ ስለሆነ ዕቃ አይገኝለትም» የሚልህ ሰው ካለ አትስማው።

አሁን ወደ ምርመራው። ከቦቢናው ጀምር። ያረጀ ቦቢና ቀዝቃዛ ሳለ ይሠራል፤ ሲግል እሳት መስጠት ያቆማል፤ ሲበርድ ይመለሳል። የአንተን ታሪክ ቃል በቃል ማለት ነው። በዚህ ሞተር ላይ ቦቢናው ከሞተሩ ጋር ስለሚታሰር ሙቀቱን ሁሉ ይጠጣል። ብዙ ባለ ጀልባዎች አንሥተው ራቅ ያለ ግድግዳ ላይ ያስሩታል፤ አንተም እንደዚያ አድርግ። አዲስ ስትገዛ የውስጥ ሬዚስታንሱ ቢያንስ 3 ኦም ይሁን። የድሮው ኮንታክት ወጥቶ በኤሌክትሮኒክ ተተክቶ ከሆነ ደግሞ 4 ኦም ይሻላል። ከዚያ ያነሰው ቶሎ ግሎ ቶሎ ይቃጠላል። ዋጋው ከአንድ ቤተሰብ የምግብ ቤት ሒሳብ አይበልጥም።

ቀጥሎ ቤንዚኑ። እዚህ አገር የምንቀዳው ቤንዚን ኤታኖል አለበት። ኤታኖል ውሃ ይስባል፣ የድሮ ጎማ ይበላል፣ ለዓመታት ሰርባቶዮው (የነዳጅ መያዣው) ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ ያላቅቃል። ያ ሁሉ ፊልትሮ ላይ ይከማቻል። ሌላም አለ። የሰርባቶዮው መተንፈሻ ከተዘጋ ሞተሩ ለግማሽ ሰዓት ይሠራና ቤንዚን መሳብ ያቅተዋል። ጀልባዋን ዶክ ላይ አጥብቀህ እሰር፣ ካምቢዮ አስገባ፣ አንድ ሰዓት አሠራት። ስትጠፋ ወዲያው የሰርባቶዮውን ክዳን ክፈት። ፊስስ ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ቶሎ ከተነሣ ጥፋቱ መተንፈሻው ላይ ነው። ካልሆነ ከካንዴላ ሽቦው ላይ በመፈተኛ መብራት እሳት መኖሩን እይ። ሽቦውን ነቅለህ ብረት ላይ እያስነካህ አትፈትሽ። ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግርሃለሁ።

የሙቀት ጠቋሚው ከፍ ማለቱ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። አቶሚክ 4 እንደ መኪና ራዲያተር የለውም። የሚቀዘቅዘው ከታች በሚሳበው ውሃ ነው። ጀልባዋ የቀድሞ ዘመኗን ባሕር ላይ ያሳለፈች ከሆነ 45 ዓመት ያህል ጨው በሞተሩ ሆድ ዕቃ አልፏል ማለት ነው። ጨውና ዝገት ተጋግሮ መተላለፊያውን ያጠባል። መጀመሪያ የውሃ ፓምፑን ክፈትና የላስቲክ ኢምፔለሩን (ውሃውን የሚገፋውን ባለ ጥርስ ጎማ) እይ፤ ጥርሱ ከተቆረጠ የተቆረጠችውን ቁራጭ ፈልገህ አውጣት፤ አለዚያ ሌላ ቦታ ትወትፋለች። ቴርሞስታቱን አውጣና ንጹሕ ውሃ በተቃራኒ አቅጣጫ ልቀቅበት። ሰዎች በቀጠነ አሲድም ያጥቡታል፤ ይሠራል። ሆኖም ብረቱ ከስሶ ከነበረ አሲዱ ቀዳዳውን ይገልጠዋል። ይህ በራሱ መልስ ነው። ግድግዳው የተበሳ ሞተር ላይ ገንዘብ አይፈስስም።

ሁሉን የሚወስነው ፈተና የኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየር ምን ያህል አምቆ እንደሚይዝ የሚለካው ነው። ለዚህ የአክስትህን ልጅ ጥራው፤ መሣሪያው አለው። ሞተሩን አሙቁት፣ አጥፉት፣ አራቱንም ካንዴላ አውጡ፣ የቦቢናውን ሽቦ ነቅላችሁ አርቁ፣ የጋዝ መስጫውን እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ ከዚያ በሞተሪኖ (በማስነሻው) አዙሩ። ከዚያ በፊት ግን ውሃ የሚስበውን ቫልቭ ዝጉ። ይህን አደራ እላለሁ። ሞተሩ ሳይነሣ ሲዞር ፓምፑ ውሃ ወደ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ይልካል፤ የሚያስወጣው ጭስ ግን የለም። ማርሚታው ይሞላና ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ደህና የነበሩ ሞተሮች በዚህ መንገድ ሞተዋል። አልነሣ ያለን ሞተር ደጋግሞ መወትወት ሁልጊዜም አደጋው ይኸው ነው። ስትጨርሱ ቫልቩን መክፈት አትርሱ።

አራቱ ሲሊንደሮች ከ85 እስከ 100 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) ድረስ ካሳዩና ከተቀራረቡ ሞተርህ ጤነኛ ነው። አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጉበትና እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከጨመረ ፋሻ ነው። ካልጨመረ ቫልቭ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ብዙ ቆሞ የከረመ ቫልቭ ተጣብቆ መቅረቱ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ሳታወርዱ ቀጭን ዘይት እያጠጣችሁ ታስለቅቁታላችሁ። ሁለት ወይም ሦስት ሲሊንደር አብረው ከወደቁ፣ ወይም ዘይቱ ወተት መስሎ ከወጣ፣ ያኔ የመቀየሩን ነገር በቁም ነገር እናወራለን።

አሁን ስለ አክስትህ ልጅ። ጎበዝ መካኒክ እንደሆነ አልጠራጠርም። እጁ ያስፈልግሃል። «የመኪና ዕቃ እንሞላዋለን» ያለው ግን እንዳይሆን። ለምን እንደሆነ አስረዳው፣ ይገባዋል። መኪና ሥሩ ክፍት ነው፤ የፈሰሰ ቤንዚን መሬት ላይ ይንጠባጠባል፣ ትነቱን ነፋስ ይወስደዋል። ጀልባ ግን እንደ ድስት ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወርዶ ወለሉ ሥር ይተኛል። እዚያ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ለዚህ ነው የጀልባ ሞተሪኖ፣ ዲናሞና ዲስትሪቢውተር ብልጭታቸው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተደርገው የሚሠሩት። የመኪናው መልኩ አንድ ሊሆን ይችላል፣ ብሎኑም ይገጥማል፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው። ካርቡራቶሩም እንደዚያው ነው፤ የጀልባው ሲሞላበት ወደ ውጭ አያፈስስም። አየር መሳቢያው ላይ ያለው የእሳት መግቻ ወንፊትም አይወልቅም፤ ከ1940 ወዲህ በተገጠመ የቤንዚን ሞተር ላይ የኮስት ጋርድ ግዴታ ነው። ሽቦ ነቅለህ ብልጭታ አትፈትሽ ያልኩህም ለዚህ ነው።

ጀልባህ የ1978 ስለሆነች ትነት አውጪ ማራገቢያ ግዴታ ከሆነበት ከነሐሴ 1980 በፊት የተሠራች ናት። ከሌላት ነገ ግጠምላት። ካላትም መሥራቱን አረጋግጥ። ሞተር ከማስነሣትህ በፊት አራት ደቂቃ ሙሉ ይሥራ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለህ በአፍንጫህ አሽት። ልጆችህ ካቢን ውስጥ እየተኙ ነው የምትሄደው። ይህን አራት ደቂቃ አንድም ቀን እንዳትዘልለው።

እንበልና ፈተናው መጥፎ ወጣ፤ መቀየር ግድ ሆነ። ያኔ ማወቅ ያለብህ ትልቁ ነገር የሞተሩ ዋጋ የወጪው ግማሽ መሆኑን ነው። እኔ ከስድስት ዓመት በፊት ታኮማ ላይ በራሴ ባለ 27 ጫማ ጀልባ ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ። ሞተሩ ከ11 ሺህ ዶላር ትንሽ አለፈ። በዙሪያው ያለው ሁሉ ተደምሮ 9 ሺህ ሆነ፤ ያውም አብዛኛውን ሥራ በእጄ ሠርቼ። ስለዚህ 24 ሺህ ያሉህ ሰዎች ሊዘርፉህ ነው ብለህ አታስብ። በውስጡ ምን ምን እንዳለ ግን ዘርዝረው በጽሑፍ ይስጡህ።

ምን ይኖራል መሰለህ? ውሃውን ከሚገፋው ክንፍ፣ ከፕሮፔለሩ ልጀምር። የአብዛኛው አቶሚክ 4 ካምቢዮ መቀነሻ ማርሽ የለውም፤ ሞተሩ አንድ ሲዞር ፕሮፔለሩም አንድ ይዞራል። ለዚያ ነው ፕሮፔለርህ ትንሽ የሆነው። አዲሱ ናፍጣ ግን በመቀነሻ ማርሽ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ዞሮ ፕሮፔለሩን አንዴ ያዞረዋል። ስለዚህ ሰፋ ያለ ፕሮፔለር ይፈልጋል። የአሁኑ ፕሮፔለርህ ወደ ግራ የሚዞር ነው፤ አብዛኞቹ አዳዲስ ናፍጣዎች የሚፈልጉት ወደ ቀኝ የሚዞረውን ነው። የድሮውን ልጠቀም ማለት አይቻልም። የሰፋው ፕሮፔለር ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። ከጫፉ እስከ ጀልባዋ ሆድ ድረስ ከስፋቱ 10 እስከ 15 በመቶ የሚሆን ክፍተት መቅረት አለበት። ይህን ሞተሩን ሳታዝ ለካ። ክፍተቱ ካነሰ መቀነሻ ማርሹ ዝቅ ያለውን ምረጥ። ሞተሩንና ፕሮፔለሩን የሚያገናኘው ዘንግም የሚጨምረውን ጉልበት መቻሉ ይታይ፤ ከወጣ ላይቀር ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት)ና ውሃ መከላከያው አብረው ይቀየሩ።

ቀጥሎ ሰርባቶዮው። ቤንዚን የነበረበትን አጥቤ ናፍጣ ልሙላበት የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርህም። 45 ዓመት የሆነው ሰርባቶዮ ነው። ናፍጣ ሞተር ደግሞ የተረፈውን ነዳጅ መልሶ ወደ ሰርባቶዮው ይልካል፤ ለዚያ የመመለሻ ቀዳዳ ያስፈልጋል። ማስገቢያ ቱቦዎቹም ይለወጣሉ። ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ይጨመራል። የጭስ ማውጫውም መስፋት አለበት፤ ማርሚታው አብሮ ይለወጣል። የጋዝና የካምቢዮ ኬብሎች፣ ዳሽቦርዱ፣ ወፍራም የባትሪ ሽቦዎች ይከተላሉ። እያንዳንዱ ብቻውን ትንሽ ነው። ሲደመር ግን ሰው ልቡ ይደነግጣል።

የሞተሩ መቀመጫም አለ። የአቶሚክ 4 እግሮች ቁመትና የአዲሱ እግሮች ቁመት አይገጥምም። ዋናው ልኬት ከዘንጉ መሃል እስከ መቀመጫው ድረስ ያለው ከፍታ ነው። አንዳንድ አምራቾች በአቶሚክ 4 ቦታ እንዲገባ ተብሎ የተሠራ እግር አላቸው፤ የእንግሊዙ ቤታ ማሪን አንዱ ነው። ሞተሩን ከማዘዝህ በፊት ከአምራቹ ሥዕል ልኬቱን ወስደህ በካርቶንና በጣውላ የሞተሩን መልክ ሥራና ቦታው ላይ አስቀምጠው። ክዳኑ ይዘጋል? ፊልትሮው ጋ እጅ ይገባል? የዘይት መለኪያው ይወጣል? ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው። እኔን ከአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ አድኖኛል። አሮጌው ሲወጣ ደግሞ መቀመጫውን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳህ ስማ። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ በፋይበሩ ውስጥ ያለው እንጨት በስብሷል፤ አሁን ካልታደሰ መቼም አይታደስም።

ስንት የፈረስ ጉልበት? አቶሚክ 4 በወረቀት ላይ 30 ስለሚል ሰዎች 30 ይፈልጋሉ። አያስፈልግህም። ያንን 30 የሚሰጠው በደቂቃ 3,500 ሲዞር ነው፤ በቀጥታ ካምቢዮ ግን እዚያ አይደርስም፤ በተግባር የምታገኘው ግማሹን ያህል ነው። ካታሊና 30 ክብደቷ 4.6 ቶን ገደማ ነው። የሸራ ጀልባ ደግሞ ርዝመቷ ከሚፈቅድላት ፍጥነት አታልፍም፤ የአንተዋ ወደ 6.7 ኖት (በሰዓት 6.7 የባሕር ማይል) ናት። ከዚያ በላይ ጉልበት ብትጨምር ማዕበል ታስነሣለህ እንጂ አትፈጥንም። 20 አካባቢ ይበቃሃል። በኩቦታ ላይ የተመሠረተው ቤታ 20፣ ወይም ያንማር 3ዋይኤም20 ለዚህች ጀልባ ልክ ናቸው። ሁለቱም ባለ ሦስት ሲሊንደር ስለሆኑ ንዝረታቸው ከሁለት ሲሊንደሩ ይሻላል። ናፍጣ ግን እንደ አቶሚክ 4 ዝም አይልም፤ ይህንን ቤተሰቡ ቀድሞ ይወቅ።

ሞተሩ ገብቶ ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ቀን ዋናው ቀን ነው። እኔ የተጎዳሁት እዚያ ላይ ነው። ይህችን ሥራ ለባለሙያ ልስጥ ብዬ ከፍዬ አሠራሁ። ሰውየው ጀልባዋ መሬት ላይ፣ በድጋፍ እንደቆመች አስተካክሎ «አልቋል» አለኝ። ውሃ ላይ ስትወርድ የጀልባ ገላ ቅርጹ ይለወጣል፤ ሸራው ሲወጠርም እንዲሁ። እኔም አላወቅኩ፣ እሱም አልነገረኝ። አንድ ሰመር ሙሉ በንዝረት ሄድኩ። መከር ላይ ሳወጣት ኩሽኔታው በአንድ ጎኑ ተበልቶ አልቋል፤ ዘንጉም ተፍቋል። ስለዚህ ጀልባዋ ውሃ ላይ ሁለት ቀን ትቆይ፣ ከዚያ የሁለቱ ማገናኛዎች ክፍተት ዙሪያውን በስስ የመለኪያ ብረት ይለካ። ባለ 4 ኢንች ማገናኛ ከሆነ ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይበልጥ። ቆመህ አይተህ ነው የምትከፍለው። ሥራውን ስትዋዋልም «ውሃ ላይ» የምትለዋን ቃል አስጽፋት።

አሮጌውን ማውጣት ግን ለአንተና ለአክስትህ ልጅ ጥሩ ሥራ ነው። ካርቡራቶሩን፣ ዲናሞውን፣ ሞተሪኖውንና ማኒፎልዱን አስቀድማችሁ ፍቱ፤ ይቀልላል። እንዲያም ሆኖ ከ100 ኪሎ በላይ ነው። የሸራውን አግድም ምሰሶ እንደ ክሬን የምትጠቀሙ ከሆነ ክብደቱ በሚንጠለጠልበት ቦታ ልክ ከላይ በገመድ ይደገፍ። ከሥሩ ማንም አይቁም። የፈታችሁትን አትጣሉት። የዚህን ሞተር ዕቃ የሚፈልጉ ብዙ ናቸው፤ ትንሽ ገንዘብ ትመልሳለች። ካጸዳችሁ፣ ከቀባችሁ፣ ሰርባቶዮውን ከለወጣችሁ ከ24 ሺው ላይ ብዙ ሺህ ይቀንሳል፤ እዚህ ከተማ የባለሙያ ሰዓት ከ100 ዶላር በላይ ነው። የመጨረሻውን ማስነሣት ግን ለአምራቹ ወኪል ተወው፤ ብዙ አምራቾች ያለዚያ ዋስትና አይሰጡም።

ልጅህ ኤሌክትሪክ ማለቷ ደስ ብሎኛል። አስባ ነው ያለችው። ጀልባዋ ሌክ ዩኒየንና ሌክ ዋሽንግተን ላይ ብቻ የምትዞር ብትሆን ሐሳቧን እደግፋለሁ፤ ጭስ የለ፣ ቤንዚን የለ፣ ድምፅ የለ። አንተ ግን ሳን ኋን ትላለህ። ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ አስሉት። ከሲያትል ሳን ኋን ላይ እስካለችው ወደብ እስከ ፍራይደይ ሃርበር 60 የባሕር ማይል ገደማ ነው። ነፋስ ከሌለ፣ በሰመር ደግሞ ፒዩጀት ሳውንድ (ከሲያትል ፊት ያለው ባሕር) ላይ ብዙ ቀን የለም፣ በ5 ኖት 12 ሰዓት ይፈጃል። ለዚህ ፍጥነት ይህች ጀልባ 5 ኪሎ ዋት ያህል ትፈልጋለች። ያ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አንድ ጋሎን ናፍጣ የሞተሩ ብክነት ተቀንሶ ዘንጉ ላይ የሚያደርሰው ሥራ ወደ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ስድስት ጋሎን በእጅ ተሸክመህ ትገባለህ። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ግን የአንድ ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ነው። ዲሴፕሽን ፓስ በሚባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ላይ ደግሞ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ውሃው እስከ 8 ኖት ይሮጣል። እዚያ ባትሪ እያለቀ መድረስ አልፈልግላችሁም። ሒሳቡን ራሷ ትሥራው፤ ከአንተ ከምትሰማው ይልቅ ራሷ ብትደርስበት ይሻላል።

አሮጌ ናፍጣ ሞተር ከሌላ ጀልባ ወጥቶ በርካሽ ሲሸጥ ታያለህ። ቀዝቃዛ ሳለ ሲነሣ በዓይንህ ካላየህ አትግዛ። በዙሪያው ያለው 9 ሺህ ወጪ ለአሮጌውም ያው ነው።

ስለ ባለቤትህ አንድ ነገር ልበልህ። «ሽጣት» ያለችው ስለ ገንዘብ አይመስለኝም። ያንን ሎክ አውቀዋለሁ። ከ1917 ጀምሮ እየሠራ ነው፤ እንደ ባሕሩ ከፍታ ጀልባን ከ6 እስከ 26 ጫማ ያነሣል፤ ግድግዳው ሁለት ወገን፣ ከኋላ ብረት መርከብ፣ ጉልበት የሌላት ጀልባ ውስጥ ሁለት ልጅ ይዛ ተቀምጣ ነበር። የፈራችው ለልጆቿ ነው። ስለዚህ ስለ ፈረስ ጉልበት አታስረዳት። መጀመሪያ ያን ቀን ምን እንደተሰማት ጠይቃትና ስማት። ከዚያ ሙሉውን ቁጥር ንገራት። የሞተሩን ብቻ አይደለም፤ የማሰሪያውን፣ የኢንሹራንሱን፣ ከውሃ የማውጫውን ጭምር። አዲስ ሞተር ስታስገባ ያወጣኸው ገንዘብ ስትሸጣት እንደማይመለስም ንገራት፤ የ1978 ካታሊና በ24 ሺህ ሞተር ምክንያት 24 ሺህ አትጨምርም። ስለዚህ የመቀየሩ ነገር የሚያዋጣው ጀልባዋን ቢያንስ ሰባት ስምንት ዓመት ከያዝካት ነው። ልጅህ በሁለት ዓመት ኮሌጅ ትገባለች። ያኔም ትወጣባታለህ? ይህን ለሁለታችሁ ነው የምጠይቀው።

እሷ በሐሳቧ ብትጸናም የመጀመሪያው እርምጃ ያው ነው። ሞተሯ የማይሠራ ጀልባ ገዢ የላትም። ቦቢናውም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ፈተናውም ለመሸጥም ለመያዝም ያስፈልጋሉ።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን የማደርገው ይህን ነው። በዚህ ክረምት (በብርዱ ወራት) ጥቂት መቶ ዶላር አውጥቼ ከላይ ያልኩህን እመረምራለሁ፣ እጠግናለሁ። ማራገቢያና የቤንዚን ትነት የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እገጥማለሁ። ኮምፕሬሽኑ ደህና ከሆነ አቶሚክ 4ን ሁለት ሰመር እጠቀምበታለሁ፤ በየወሩም ለናፍጣው ገንዘብ አስቀምጣለሁ። ቤንዚን ከሚተኙ ልጆች ሥር ሆኖ ለዘለቄታው ልቤን አያሳርፈኝምና በመጨረሻ መቀየሬ አይቀርም። ግን ተለክቶ፣ ተመርጦ፣ በክረምት፣ ሳልጣደፍ። በሚመጣው ሰመር ሳን ኋን መሄድህን ከመወሰንህ በፊት ግን ሌክ ዋሽንግተን ላይ ለአሥር ሰዓት ያህል ንዳት፣ ከዚያ ሎኩን ከአክስትህ ልጅ ጋር ብቻ ሆነህ ሦስት ጊዜ ተመላለስ። አንዴ እንኳ ከጠፋብህ ባለቤትህንና ልጆችህን አታሳፍር።

ካንዴላዎቹን ስታወጡ ከፊት ጀምራችሁ በተራ አስቀምጧቸውና ፎቶ አንሡ። አራቱን የኮምፕሬሽን ቁጥሮች፣ ዘይት ካጠጣችሁ በኋላ ያሉትንም፣ ከዘንጉ መሃል እስከ መቀመጫው ያለውን ከፍታና ከፕሮፔለሩ ጫፍ እስከ ሆዷ ያለውን ክፍተት ጽፈህ ላክልኝ። እነሱን ይዤ እመልስልሃለሁ።